ስክሪኑን የሚያነበው ማን ነው? ከሜሪላንድ መሳቢያ እስከ ደብረ ማርቆስ ጓዳ

እዚህ ሜሪላንድ በትርፍ ሰዓቱ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው ቤት ገብታችሁ መሳቢያውን ብትከፍቱ፣ አውራ ጣት ከምታክለው ሊሊጎ ቲ-ዲስፕሌይ ጀምሮ ባለ 2.8 ኢንች ስክሪን እስከሆነችው ቢጫ ቦርድ ድረስ ስክሪን ያላቸው ቦርዶች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ግማሾቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። ዋጋቸው ከ10 እስከ 20 ዶላር ቢሆን ነው፤ ሮክቪል ወዳለው ማይክሮ ሴንተር ጎራ ብሎ መግዛት ይቻላል፣ በኢንተርኔት ያዘዘም በማግስቱ በሩ ላይ ያገኘዋል። የእኔም መሳቢያ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለማያውቃቸው፦ እነዚህ ቦርዶች በላያቸው ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ፕሮግራም በዩኤስቢ ይጫንባቸዋል፤ ከዚያ ሙቀት ይለካሉ፣ አምፑል ያበራሉ፣ ሞተር ያስነሳሉ። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣልያን፣ ኢቭሪያ ከተማ ተጀምሮ ነገሩን ከመሐንዲሶች እጅ አውጥቶ ለተማሪ ሰጠው። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኤስፒ32 ደግሞ ዋይፋይና ብሉቱዝ ጨመረበት። ያኔም ቢሆን ስክሪን ለመግጠም ከሰባት ስምንት ሽቦ ጋር መታገል ነበረ። አሁን ስክሪኑ ቦርዱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል።

የሚገርመው እዚህ አገር ስክሪኑ ብዙም ሥራ የለውም። ሴንሰሩ ያነበበው ነገር በዋይፋይ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ቢሮው ተቀምጦ የጓሮውን ሙቀት ያያል። ስክሪኑ ጌጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት» ለማለት ያገለግላል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ቁም ሳጥን ጣውላ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠርቷል፤ አንድ አምፑል፣ ከኮምፒውተር የወጣች ማራገቢያ፣ ውኃ የያዘች ሳህን፣ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ ከእኔ መሳቢያ የሄደችው ቢጫ ቦርድ። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለ21 ቀን ይፈልጋል፤ እስከ 18ኛው ቀን ድረስም በየዕለቱ መገላበጥ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እንቁላሉ በቅርፊቱ በኩል ከቆላው ይልቅ ቶሎ ውኃ ያጣል። ስለዚህ እርጥበቱንም መጠበቅ ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ አምፑሉ ይጠፋል፤ ቦርዷ ግን በፓወር ባንክ ስለምትሠራ ሙቀቱ ሲወርድ ማሳየቷን አታቆምም፣ ሳጥኑ ላይም ጋቢ ይደረብበታል። (አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚስበው ዕቃ ትንሽ ከሆነ «ምንም አልተሰካብኝም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ገዝታችሁ ከመላካችሁ በፊት ከቦርዱ ጋር ሞክሩት።)

ይህን ሁሉ ሌሊት የሚጠብቀው ልጁ አይደለም፤ እናቱ ናቸው። አክስቴ ማንበብ የተማሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ፊደል ይለያሉ፣ ቁጥር ከብርና ከስልክ ያውቃሉ፣ ላቲን ግን አልተማሩም። ቦርዷ መጀመሪያ የምታሳየው ከኢንተርኔት የተገኘውን የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነበር። ስልክ ስደውልላቸው፣ «ልጄ፣ ይኼ የላክኸው ነገር ፊደሉ የእኛ አይደለም። እሱ ተኝቶ እኔ ምኑን አውቄ ልጠብቀው?» አሉኝ። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ሙቀት፣ የትኛው እርጥበት እንደሆነ በምን ይለዩት?

እንግዲህ አማርኛ እንጻፍባት ብለን ተነሣን። የቦርዶቹ የተለመደ ላይብረሪ የሚያውቀው አምስት በሰባት ነጥብ የሆነ የላቲን ፊደል ብቻ ነው። «ሙቀት» ብላችሁ ብትልኩ ሦስት ፊደል አይታይም፤ ዘጠኝ ዝባዝንኬ ምልክት ይደረደራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ ላይብረሪው ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። መፍትሔው ሦስቱን ባይት አንድ አድርጎ ማንበብና የፊደሉን ሥዕል ከራስ ሰንጠረዥ ማውጣት ነው። ሥዕሉ በስምንት በስምንት ነጥብ አይሆንም፤ «ጨ» እና «ጬ» ይደባለቃሉ፣ «ሕ» ከ«ሐ» አይለይም። በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ግን ጥርት ይላል። በዚህ መጠን አንዱ ፊደል 32 ባይት ነው። በዩኒኮድ ለግእዝ የተመደበው ዋናው ክፍል 384 ቦታ ስላለው ሁሉም ቢሞላ እንኳ 12 ኪሎባይት ብቻ ይይዛል፤ የኢኤስፒ32 ቦርዶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሜጋባይት ማስቀመጫ አላቸው። ሥዕሉንም ከዜሮ መሣል አያስፈልግም፤ ጂኤንዩ ዩኒፎንት በነጻ ይገኛል፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን የኮምፒውተር ፊደሎች ወደዚህ መልክ የሚቀይር መሣሪያም አለ።

ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ዶ/ር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው እዚሁ አሜሪካ ተቀምጠው ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ደክመዋል። የእኛ ድርሻ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ግን ማንም ቻይናዊ አምራች ተነሥቶ አይሠራልንም።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። ቦርዷ «03:00» ብላ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ብትመዘግብ ለአክስቴ ከቀኑ 9 ይሁን ከሌሊቱ 9 አይታወቅም፤ እንዲያውም 3 ሰዓት ነው የሚሉት። ስድስት ሰዓት መቀነስና «ከሌሊቱ» የሚለውን መጨመር ጥቂት መስመር ነው። ከዚያ ትእዛዙ እንዴት ይጻፍ የሚለው ክርክር መጣ፤ ልጁ «እንቁላሉን አገላብጪ» ብሎ ጻፈ፣ ለእናቱ ነዋ። ጎረቤት እያየች መቀለድ ስትጀምር «እንቁላሉ ይገላበጥ» ተብሎ ተስተካከለ።

አየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ለምትሰኩ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግፊቱ 750 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፣ በባሕር ዳርቻ 1,013። ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ የአየር ትንበያ ናሙና ፕሮግራም ሳይስተካከል ከተጫነ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ማዕበል ነው የሚለው።

ትልቁ ልዩነት ግን ዕቃውን ማግኘት አይደለም፤ ሶፍትዌሩን ማውረድ ነው። እዚህ አንድ ቁልፍ ተጭነን ቡና እስክናፈላ የሚወርደው የኢኤስፒ32 ጥቅል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ሲኖርም ዳታው በብር ነው። ቦርድ ይዞ ጥቅሉን ያላገኘ ተማሪ ያለው አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። አገር ቤት ያሉ ልጆች መላ አላቸው፤ አንዱ ካወረደ በኋላ ኮምፒውተሩ ውስጥ «አርዱዊኖ15» የሚባለውን ማኅደር በፍላሽ ገልብጦ ለሌላው ያስተላልፋል። እኛ ቦርድ ልከን ይህን ሳንልክ ስንቀር ሥራውን በግማሽ ትተነዋል ማለት ነው።

ቢጫዋ ቦርድ ላይ ቀጥሎ ሊሠራ የታሰበው ባሕረ ሐሳብ ነው። ጎጃም የሊቃውንት አገር ስለሆነ ስሌቱን በቃሉ የሚያወርድ ሰው ከከተማዋ አይጠፋም፤ ቦርዷ ብትሳሳት ወዲያው ይያዝባታል። 2018ን እንውሰድ፤ 5,500 ሲደመርበት 7,518፣ በ19 ሲገደፍ 13፣ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል፤ ዘመኑም ዘመነ ማርቆስ ነው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ቀን የሚይዝ ባትሪ ያለው ሰዓት ከስክሪኑ ጋር ይበቃል። እዚህ ካየኋቸው የጠረጴዛ ካላንደር ፕሮጀክቶች ሁሉ ይኼኛው ይሻለኛል።

ለበዓል የምትሄዱ ካላችሁ መሳቢያችሁ ውስጥ ከነላስቲኩ የተቀመጠውን ቦርድ ያዙ። አብሮ በፍላሽ የአርዱዊኖውን መጫኛ፣ ያንን ማኅደር፣ የዩኤስቢ ቺፑን ድራይቨርና የግእዝ ፊደሉን ፋይል አስገቡ። ኬብሉንም ዳታ የሚያሳልፍ መሆኑን እዚሁ ሞክሩት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው በሽ በሽ ነው።