ከሱሉልታ ውርጭ እስከ ማጀታችን

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል እንዲገባው የሚፈልግ ሰው በጥቅምት ወይም በኅዳር ማለዳ እንጦጦን ይሻገር። ከተራራው ጀርባ የሱሉልታን ሜዳ በአመዳይ ነጥቶ ሊያገኘው ይችላል። ዝናቡ ሲያባራ ሰማዩ ይጠራል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ታጣለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ረፋዱ ላይ ግን ጋቢ ይወልቃል።

ቡራዩም በአምቦ መንገድ፣ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ፣ የደጋ ብርድ ታውቃለች። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ከሱሉልታ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትለዝባለች። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና።

በዚያው አገራችን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መዝገብ የአፍሪካ ዝቅተኛው ሙቀት የሞሮኮዋ ኢፍራን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ከዜሮ በታች 23.9 ዲግሪ። ከፍተኛው ደግሞ በቱኒዚያ ኬቢሊ በ1931 የተለካው 55 ዲግሪ ነው።

በነርስነት ዘመኔ ያየሁት ብርድ ግን በእንዲህ ዓይነት መዝገብ አይገባም። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ከወረደ በርዶታል፤ ለዚህ ውርጭ አያስፈልግም፣ እርጥብ ጨርቅና የተከፈተ በር ይበቃል። ሕፃኑን በደንብ አድርቁት፤ ገላው ከእናቱ ገላ እንዲነካ ደረቷ ላይ አስተኙት፤ ራሱን ሸፍኑ፤ ቶሎ ይጥባ። አያቶችም ብርዱ ሳይሰማቸው ሰውነታቸው ሊቀዘቅዝ ይችላልና እጅና እግራቸውን እየዳሰሳችሁ ደርቡላቸው፤ ትኩስ ነገር ስጧቸው።

ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራኝ መከላከያው ነው። ቡና የተፈላበትን ከሰል «ቤቱን ያሙቅልን» ብለው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው፣ ራሳቸውን ስተው የመጡ ቤተሰቦችን አስታምሜአለሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የጠፋ የሚመስል ፍምም ያው ነው።

ስለዚህ በዚህ በጋ፣ ሱሉልታም ኑሩ ሰበታ ወይም ቡራዩ፣ ልጆቹን ከማስተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከቤት አውጡት። ለሙቀቱ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩ።