የረሆቮት ሕፃናት የመስከረም በዓላት

ረሆቮት፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፤

እዚህ እስራኤል ያረፍኩት ጎንደር አጠገብ የወለቃ ጎረቤታችን በነበሩት እትዬ ቤት ነው። በግንቦት 1983 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲጓጓዝ እሳቸውም ልጆቻቸውን ይዘው እንደሄዱ ታስታውሺያለሽ። አሁን የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጠዋት ጠዋት ወደ ጋን ያደርሳሉ፤ የሕፃናቱን ትምህርት ቤት የሚሉት እንዲህ ነው። እኔም ተከትያቸው እገባለሁ። አንቺም የሕፃናት አስተማሪ ስለሆንሽ ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚህ ትምህርት የሚከፈተው በሴፕቴምበር 1 ነው። ትንንሾቹ ገና ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ በዓላቱ ተከታትለው ይደርሳሉ። አዲስ ዓመታቸው ሮሽ ሃሻና ዘንድሮ መስከረም 12 ማታ ገባ፤ ዮም ኪፑር ነገ ማታ ነው፤ የዳስ በዓሉ ሱኮት ደግሞ መስከረም 26 ማታ። በበዓላቱ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሚሆን ሁሉንም አስቀድመው ክፍል ውስጥ ያከብሩታል።

ለአዲስ ዓመት ፖም ቆርጠው ማር እየነከሩ በሉ፤ ዓመቱ ጣፋጭ እንዲሆን ነው። ማሩ ጠረጴዛውንም፣ ወንበሩንም፣ የአስተማሪዋንም ፀጉር አዳርሷል። ሮማንም ፈለፈሉ። ፍሬው እንደ ኦሪት ትእዛዛት 613 ነው ይባላል፤ ልጆቹ ግን ቆጥረው ሳይጨርሱ በሉት። ከዚያ አስተማሪዋ ሾፋሩን፣ የበጉን ቀንድ፣ አወጣች። አንዴ ስትነፋው ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። ለልጆቹም ብታቀብላቸው ጉንጫቸው ያብጣል እንጂ ድምፅ የለም። በመጨረሻ አንዱ ብጥሌ ድንገት ጮክ አድርጎ ነፋውና በራሱ ድምፅ ደንግጦ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ትናንት ደግሞ የዮም ኪፑር ተራ ነበር። ነጭ ለብሰው ክብ ሠርተው ተቀመጡና እያንዳንዱ ለጓደኛው «ስሊኻ» እያለ ይቅርታ ጠየቀ። የአራት ዓመት ልጅ ስለ ኃጢአት ምን ያውቃል ብዬ ነበር። አስተማሪዋ ግን ኃጢአት የሚለውን ነገር አላነሳችውም፤ «ማንን አስቀየምክ?» ብቻ ነው የምትላቸው። አንዱ ጠዋት የነከሳትን ልጅ አቅፎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከምሳ በኋላ እንደገና ነከሳት። አዋቂዎቹ 25 ሰዓት ያህል ይጾማሉ፤ ሕፃናት አይጾሙም። በዚያ ቀን መንገዱ ከመኪና ነፃ ስለሚሆን የልጆቹ ሐሳብ ሁሉ ብስክሌታቸው ላይ ነው።

ግቢው ውስጥ ዳሱ ቆሟል። ጣራው የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ሰማይ እንዲታይበት ሆን ብለው ያሳሱታል። ዙሪያውን ልጆቹ በቀለማት ያሸበረቀ የወረቀት ሰንሰለት አንጠልጥለዋል። ሰንሰለቱን ወደድኩት፤ ጠማማው ሁሉ የእነሱ ነው። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት አንድ ዓይነት የወረቀት ፖሞች ውስጥ ግን ልጅ የቆረጠው አንድም አይመስለኝም፤ ይህን ስሕተት የኛም አገር ትምህርት ቤቶች ያውቁታል። ለበዓሉ ትርንጎ፣ ዘንባባ፣ አደስና አኻያ ይያዛል። ትርንጎው በጥጥ ተጠቅልሎ በሣጥን መጣ፤ ጫፉ ላይ ያለችው እምቡጥ ከተሰበረች ለበዓሉ አይሆንም፣ ስለዚህ እጃቸውን ታጥበው በተራ ያዙት። አደሱ እኔም ዘንድ ሲደርስ አሸተትኩት፤ የእማዬ የፀጉር ቅቤ ነው የሸተተኝ።

እዚህ በመስከረም ምድሩ ደርቆ የተሰነጠቀ ነው፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም። አስተማሪዋ ልጆቹን አስከትላ ወጥታ ሐጻቭ የሚሉትን አበባ አሳየቻቸው። ቅጠል ሳያወጣ ከደረቅ መሬት ብቻውን ይቆማል፤ ረጅም ነው፣ ነጭ ነው። የመጸው አበባቸው እሱ ነው አሉኝ፤ ለእኔ አደይ ይሻለኛል።

እትዬን በወለቃ ሳሉ ፖምና ማር ይበሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ብርሃን ሰረቀ ሲደርስ ቄሶቹ ይጸልዩ ነበር፤ ፖምና ማር የሚባል አላውቅም። ያስተማሩኝ ልጆቼ ናቸው፣ ከዚህ ከጋን ይዘውት መጡ» አሉኝ። ብዙው ቤተሰብ እንዲሁ ነው፤ የአዲሱን አገር ልማድ ወደ ቤት ያስገባው ሕፃኑ ነው። እኔን ያስደሰተኝ አሁን መንገዱ ከቤት ወደ ጋንም መከፈቱ ነው። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል፤ ዘንድሮ ኅዳር 11 ላይ ነው። ለዚያ ቀን አስተማሪዋ እትዬን ጠርታቸዋለች። የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ጋግረው ሄደው፣ በስግድ ቀን ለጸሎት ከወለቃ ወደ አምባው እንዴት ይወጡ እንደነበር ለልጆቹ ሊነግሩ ነው።

አንቺም ለገና ክፍልሽን ስታዘጋጂ ይህን አስቢበት። ከሱቅ የተገዛ የጥድ ዛፍና የጥጥ በረዶ ይቅርብሽ፤ እማዬን ውሰጃትና መሐላቸው አስቀምጫት። በልጅነቷ ገና በጎንደር እንዴት ይከበር እንደነበር እሷ ትንገራቸው፣ የገናውን ዱላ ደግሞ ልጆቹ በእጃቸው ይያዙት። እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ለእትዬ አነብላቸዋለሁ።

እህትሽ