ባሕር አጠገብ፣ በሰው ቤት

ሰው ቤት ማረፍ ለስደተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን አሜሪካን የጀመርነው በዘመድ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ብርዱ እስኪያልፍ ብቻን መክረም ግን ሌላ ዓይነት እንግድነት ነው። «ብዪልኝ፣ ጠጪልኝ» የሚል የለም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» የምለውም ሰው አጠገቤ የለም። ምስጋናዬን የምከፍለው ለቤቱ ነው፤ እሱንም በእጄ ሥራ።

ቤቱ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኦሽን ሲቲ በምትባል የአትላንቲክ ዳርቻ ከተማ ነው። የዋሽንግተን አካባቢ አበሻ ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹን ጭኖ፣ የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ተሻግሮ የሚዝናናባት ናት። በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍባታል፤ ቋሚ ነዋሪዋ ግን 7 ሺህ ገደማ ነው። የቤቱ ባለቤት የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ገናንና ጥምቀትን አዲስ አበባ ውለው፣ ፋሲካንም እዚያው ፈስከው ይመለሳሉ። «ቤት ሰው ሲለየው ይከፋዋል፣ ልጄ፤ ገብተሽ አሙቂልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ቤቱ በጥቅምት ተዘግቶ ነበር። በዚህ አገር ለብርድ ወራት የሚዘጋ ቤት ውኃው ከዋናው መዝጊያ ይቆለፋል፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ በአየር ግፊት ተነፍቶ ይወጣል፤ በየማጠቢያው ጉሮሮና በሽንት ቤቱ ሳህን ደግሞ የማይረጋ ሮዝ ፈሳሽ ይጨመራል። እኔ የገባሁት ያንን ሁሉ ልፈታ ነው። ዋናውን መዝጊያ ቀስ እያልኩ ስከፍተው የወጥ ቤቱ ቧንቧ መጀመሪያ አየር ሳለ፤ ከዚያ ቡናማ ውኃ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ። ማታውን በየመገጣጠሚያው ሥር እየተንበረከክሁ፣ በደረቅ ሶፍት እየዳበስኩ አመሸሁ። የሚያንጠባጥብ ካለ ከዓይን ቀድሞ የሚያውቀው ሶፍት ነው። የራስ ቤት ቢሆን እስከ ነገ ይደር ይባል ነበር፤ የአደራ ቤት ግን አያስተኛም።

ጀበናቸውን አልነካሁም። ጀበና የባለቤቱን እጅ ይለምዳል ብዬ አምናለሁ፤ የራሴን ይዤ ነው የመጣሁት። ቤት ውስጥ ቡና ከተቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው መንደሩን ስለሚቀሰቅስ፣ የምቆላው በጓሮው በረንዳ፣ ነፋስ በማይነካው ጥግ ነው። በመንገዱ ላይ ከእኔ ሌላ መብራት የሚታየው በአንድ ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ ቤት ብቻ ነው። ሽታው ጠርቷቸው መጡ፤ ሁለተኛውንም ጠጡ።

ባሕሩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውኃው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ በታኅሣሥ እዚህ ከዋሽንግተን ይለዝባል። መልሶ ለመሞቅም ቶሎ አይልምና፣ ወደ ውስጥ ያለው አገር ዛፉ ሲያብብ እዚህ ካፖርት አይወልቅም። የሚፈራው ግን ብርዱ ሳይሆን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ማዕበል ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1933 የመጣው ማዕበል ከተማዋ ያለችበትን ደሴት ለሁለት ሰንጥቆ ደቡቡን ቁራጭ፣ አሳቲግን፣ ከከተማዋ ለየው። መሐንዲሶች ስንጥቁ እንዳይደፈን በሁለት ወገን ድንጋይ ከመሩበት፤ ጀልባዎቹ ዛሬም በዚያ ይወጣሉ። ያው ድንጋይ ግን ወደ ደቡብ የሚጓዘውን አሸዋ ስላገደው፣ የአሳቲግ ሰሜናዊ ጫፍ እየተሸረሸረ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል።

በ1962 መጋቢት የመጣው ደግሞ ለቀናት አልላቀቅ አለ። አሳቲግ ላይ በሺህ የሚቆጠር የቤት ቦታ ለመሸጥ ተሸንሽኖ ነበር፤ ማዕበሉ መንገዱንም የተሠሩትንም ቤቶች ጠራርጎ ሄደ። በ1965 መሬቱ የተጠበቀ ብሔራዊ ዳርቻ ሆነ። ዛሬ የዱር ፈረሶች ይኖሩበታል። በመኪና ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ በብርዱ ጠጉራቸው ጨፍግጎ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ያረገዙ ይመስላሉ። ሆዳቸው የሚነፋው ጨዋማ ሣር እየጋጡ ውኃ አብዝተው ስለሚጠጡ ነው። ለእኔ ከከተማዋ ፎቆች ሁሉ እነሱ የበለጠ የቤት ባለቤት ናቸው።

ኦሽን ሲቲ የቆመችበት ዳርቻም ቢሆን በየአራት ዓመቱ ገደማ ከባሕሩ ወለል በመርከብ አሸዋ እየተመጠጠ ይሞላለታል። የእናቴ ጓደኛ የቤቱ ወረቀት በስማቸው ነው፤ ባሕሩ ግን ወረቀት አያነብም። ይህን ማወቄ አላሰጋኝም፤ ይልቅ እጄን አፈጠነው።

በወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእኔ በፊት የከረሙ ሰዎች ምክራቸውን የጻፉበት ደብተር አለ። እኔም ጨምሬበታለሁ፦ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት የማጠቢያውን ቁም ሣጥን በር ከፍቶ ማደር፣ ቧንቧውን በቀጭኑ ማንጠባጠብ። ማጠፊያዎቹን ጨው ስለሚበላቸው በየወሩ ዘይት መቀባት። የኋላው በር መቀርቀሪያ ለሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አይበቃም፤ ከባዱን ወንበር ማስደገፍ። ጎረቤት ያሉት አዛውንት ቡናቸውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት።