አባቴ ዛፍ ሊያሳየኝ ሲቆም

ዛሬ እንደ ወትሮው የበሽታ ምልክት በመዘርዘር አልጀምርም፤ ስለ አባቴ ላውጋችሁ። ካረፈ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ተራራ ይወዳል። እሁድ ማለዳ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦን በእግር እንወጣለን። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 ይጠጋል። «ይሄ አየር ሳንባህን ያጥበዋል» ይለኝ ነበር። ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ላርመው ፈልጌ ተውኩት።

ባሕር ዛፍን ብዙም አይወድም፤ «ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው» ይላል። ጽድ፣ ኮሶ ወይም ወይራ ሲያገኝ ግን ግንዱን እንደ ወዳጅ ትከሻ መታ መታ ያደርገዋል። አንድ ክረምት ደመወዙን አጠራቅሞ ስሜን ተራሮች ወሰደኝ። ሳንቃበር ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያየ ሳይነቃነቅ ግማሽ ቀን ተቀመጠ። እኔ ግን በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንጦጦ ዳገት ላይ መቆም አመጣ። «ቆይ፣ ይቺን ጽድ አየሃት?» ይለኛል። ቆመን እናያለን። ትንሽ እንሄድና «ያቺ ወፍ ምንድን ናት?»። የሚቆምበት ቦታ ከወር ወር ወደ ታች እየወረደ መጣ። እኔ በቀን ስንቱን ታካሚ «ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ያፍንዎታል?» እያልኩ የምጠይቅ ሰው፣ አባቴን አልጠየቅኩትም። ዕድሜው ሲገፋ ተፈጥሮን ይበልጥ ማጣጣም የጀመረ መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር።

አንድ እሁድ ዛፍ በሌለበት ቆመ። አስፋልቱ ዳር፣ ምንም የሚታይ ነገር በሌለበት። «ትንሽ እዚህ ጋ ከበድ ይለኛል፤ ስቆም ይተወኛል» አለኝ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ። ከመቼ ጀምሮ? «ከአምና»።

ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠበው ነበር። መድኃኒት ጀመረ፤ በዓመቱ ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም ወሰደው። ቀድሜ ብጠይቀው ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን መመለስ አልችልም። ሕክምናው ግን አንድ ዓመት ይቀድም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ልብ ብዙ ኦክስጅን ትፈልጋለች፤ የጠበበው የደም ሥር ያን ያህል አያደርስላትም። ስናርፍ ፍላጎቷ ስለሚቀንስ ስሜቱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው»፣ «እርጅና ነው» ብሎ የሚያልፈው። የግድ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ክብደት፣ መታፈን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ የሚሄድ ስሜት ይሆናል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁን «ያምዎታል?» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ፣ «ደህና ነኝ ልጄ» ነው። አምና ሳያርፉ ይሄዱት የነበረውን መንገድ አብራችኋቸው ሂዱ። የት እንደሚቆሙ እዩ። መቆም ከጀመሩ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። አርፈውም ስሜቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልተዋቸው ግን ቀጠሮ የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

እኔ አሁንም እሁድ እወጣለሁ፣ ከልጄ ጋር። ባለፈው አንዲት ጽድ ሥር ቆም ስል «አባዬ፣ ለምን ቆምክ?» አለችኝ። ዛፏን ላሳያት ነበር። የእውነቴን ነው።