ሳይጠመቅ ስም ያወጣ ቢራ

ዳፍ የሚባለው ቢራ ሲወለድ ብቅል አላየም፤ ጠማቂም አልነበረውም። ሥዕል ሠሪዎች ጣሳ ሳሉ፣ ስም ጻፉበት፣ አለቀ። ዘ ሲምፕሰንስ የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ በፎክስ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1989 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዳፍም በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ፣ ገና በሦስተኛው ክፍል ብቅ አለ። አባወራው ሆመር ሲምፕሰን ከኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ተባርሮ ቤት ውሏል። ቴሌቪዥኑ የዳፍን ማስታወቂያ ይለቃል። ኪሱ ባዶ ነው፤ ጥሙ ግን አላስቀምጥ አለው። ሄዶ የልጁን የባርትን የሳንቲም ማጠራቀሚያ ሰበረ።

ልብ በሉልኝ፤ ቢራው ሳይኖር ማስታወቂያው ነበር፣ በማስታወቂያው የተሸነፈ ደንበኛም ነበር።

ደራሲዎቹ እውነተኛ ቢራ ያልመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። እውነተኛ ቢራ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ደግሞ ጠበቃ አለው። የፈጠራውን ግን እንዳሻህ ብታዋርደው ማንም አይከስህም። ስሙን ከየት አመጡት ለሚለው፣ የገንስ ኤንድ ሮዝስ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ዳፍ ማኬጋን በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ከእኔ ነው የወሰዱት ብሏል። ከካርቱኑ ሰዎች በኩል ደግሞ በፍጹም የሚል መልስ ተሰጥቷል። ዝና ላገኘ ልጅ አባት ነኝ ባይ አይጠፋም።

የካርቱኑ ቀልድ ጥርስ የሚያወጣው በ1993 በታየ አንድ ክፍል ነው። ሆመር የቢራ ፋብሪካውን ሊጎበኝ ይሄዳል። ትልልቅ ጋኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ዳፍ፣ አንዱ ዳፍ ላይት፣ አንዱ ዳፍ ድራይ የሚል ተጽፎባቸዋል። ቀና ብለን ስናይ ሦስቱንም የሚሞላቸው አንድ ቧንቧ ነው። ማብራሪያ አልተጨመረበትም፤ አያስፈልገውምም።

ይህንን ክፍል ያየሁት አሜሪካ ውስጥ ማታ ማታ ጋስ ስቴሽን እሠራ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ ከሌላው ሰው አብልጬ ሳቅሁ። የቢራው ፍሪጅ የሚሞላው ከጀርባ ነው። ጃኬት ደርቤ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ እገባና አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ወደ ፊት እየገፋሁ ስደረድር በጣሳዎቹ መሀል የደንበኛው ፊት ይታየኛል። አንድ ሰውዬ ነበር፤ ከሰማያዊው ጣሳ በቀር እጁ ሌላ አይነካም። ሰማያዊው ባለቀ ቀን፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣውን ባለ ሌላ ቀለም ጣሳ አቀብዬ "ይቺም ያው ናት" ብለው እናቱን የሰደብኩ ይመስል አፈጠጠብኝ። ባዶ እጁን ወጣ። ያ ሰው ቧንቧውን ወስደህ ብታሳየውም ሰማያዊው የት አለ ነው የሚልህ።

ካርቱኑ የሚያፌዘው በቢራ ብቻ አይደለም። ክረስቲ የተባለው የልጆች አጫዋች ፊቱን የማይለጥፍበት ዕቃ የለም። በ1995 በታየ ክፍል ባርት ክረስቲ ኦ የተባለውን ሲሪያል ሲበላ፣ በሳጥኑ ውስጥ የነበረውን የሾለ ብረት አብሮ ይውጠውና ትርፍ አንጀቱ ታሞ ሆስፒታል ይገባል። ትምህርቱ "ይህንን አትብሉ" ነው ብለን ነበር። በ2007 የሲምፕሰንስ ፊልም ሲወጣ ሰቨን ኢለቨን በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 12 ሱቆቹን የካርቱኑን ሱቅ አስመስሎ አሸበረቀ፤ ክረስቲ ኦንም መደርደሪያ ላይ አወጣው። ያለ ብረቱ ነው እንግዲህ። ሕዝቡ እየተሻማ ገዛ። ዳፍ ግን አልተሸጠም፤ ፊልሙን ልጆችም ስለሚያዩት ቢራው ነውር ሆነ።

ቢራው ከዚያ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በአውስትራሊያ የአደሌድ ከተማ ጠማቂ የሆነው ሳውዝ አውስትራሊያን ብሪዊንግ የዳፍን ጣሳ እውን አድርጎ ገበያ አወጣው። ጣሳው ላይ የካርቱኑ ሰዎች ምስል የለም፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው። ፎክስ ከሰሰ። ፎክስን በእጁ ያደረገው ኒውስ ኮርፖሬሽን ያኔ የተመዘገበው እዚያው አደሌድ ነበርና ክርክሩ የጎረቤት ጠብም ይመስላል። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ1996 ለፎክስ ፈረደ፦ ገዢው ስሙን ሲያይ ከካርቱኑ ጋር ያያይዘዋል፣ ፎክስ የፈቀደው ይመስለዋል። እንግዲህ አንዲት ጠብታ ጠምቆ የማያውቅ ድርጅት፣ በእውነት የሚጠጣ ቢራ የያዘውን ጠማቂ "የእኔን ቢራ አስመሰልክ" ብሎ ረታው ማለት ነው።

ባለቤት ላለመንካት ተብሎ የተፈጠረው ስም ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በዛ። በሜክሲኮ ሌላ ሰው አስመዝግቦ ሸጠው። በጀርመን ደግሞ ሁለት የዳፍ ንግድ ምልክት ባለቤቶች እርስ በርስ ተካሰው በ2012 እስከ ከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሱ። በመጨረሻ ፎክስ ራሱ በ2015 ዳፍን በቺሊ ገበያ አወጣ፤ ሕጋዊው ሐሰተኛ ዳፍ ይኸኛው ነው። ሲያፌዝበት የኖረው ያ ማስታወቂያ ለ25 ዓመት በነፃ ሲሠራለት ነበርና አዲስ ማስተዋወቅ አላስፈለገውም።

ይህንን ወሬ ለወዳጆቼ ባነሳሁ ቁጥር የት እንደሚገኝ ይጠይቁኛል፤ ዋጋውንም የሚጠይቅ አለ። ጣዕሙ እንዴት ነው ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።