እውቅና ሰጪው ማነው?

«እውቅና» የሚለው ቃል በተቋማችን በየቀኑ ይነሣል። የምስክር ወረቀታችን እውቅና ይኖረው ይሆን ወይ እያልን እንጨነቃለን። የምናስበው ግን ሌላው ለእኛ ስለሚሰጠን ብቻ ነው። እኛም ቱም ደርሰን እስክንመለስ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

ለማስተማር ልምምድ ሦስት ሆነን ቱም ተመደብን። የክፍሉ ተማሪ ብዙ ስለነበረ በስም ከመጥራት በተራ ቁጥር መጥራት ቀለለን። ቁጥር 41 ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ስንጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። በማስታወሻችን ላይ «ደካማ፤ ቋንቋ አይገባትም» ብለን ጻፍን።

በገበያ ቀን ጎደሬ ልንገዛ ወጣን። አንዲት ልጅ «ቲቸር!» ብላ ጠራችን። ዞር ብለን አየናትና አልለየናትም። ከእናቷ ጋር በዲዚኛ ታወራለች፤ ከቆላ ማር ይዞ ከመጣው ሰውዬ ጋር በሜኒትኛ ዋጋ ትከራከራለች፤ ለእኛ ደግሞ ሒሳቡን በአማርኛ ነግራን መልሳችንን ሳትሳሳት ቆጥራ ሰጠችን።

«የማን ክፍል ነሽ አንቺ?» አልናት።

«የእናንተ» አለችን።

ቁጥር 41 ነበረች። ኧረ እንዴት አፈርን!

ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለዚሁ ስናወራ አንዳችን «አልለየናትም እኮ» አለ። እውነትም በአማርኛችን «ለየ» ማለት ነጠለ ማለትም ነው፣ ዐወቀ ማለትም ነው። ከብዙዎች መካከል አንዱን ነጥሎ ያላየ ሰው አላወቀውም። «እውቅና» የሚወጣው «ዕውቅ» ከሚለው ነው፤ ዕውቅ ማለት የታወቀ፣ እውቅና ማለትም ታውቆ መገኘት ነው። የቃሉ ባለቤት ታዋቂው ሲሆን ሰጪው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ማንም ለራሱ አይሰጠውም። በግዕዝ «ዖቀ» ሲባል ማወቅ ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም መጠንቀቅም ነው። እንግሊዞች ሪኮግኒሽን የሚሉት ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «እንደገና ማወቅ» ነው፤ ፈረንሳዮችም ሬኮኔሳንስ ሲሉ ምስጋናን ጭምር ማለታቸው ነው።

የእኛ ተረት ደግሞ «አወቅሁሽ ናቅሁሽ» ይላል። እኛ ከተረቱም ብሰን ሳናውቃት ናቅናት።

ነገሩ ከአንድ ክፍልም ይሰፋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር። ከደቡብ ምዕራቡ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ሲገባ ዲዚኛና ሜኒትኛ አልገቡም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ። ሕጉ የድርሻውን በወረቀት ላይ አድርጓል። ሦስት ቋንቋ ለምትናገረው ልጅ «ቋንቋ አይገባትም» ብለን የጻፍነው ግን እኛ ነን፤ ሕጉ ምን ያድርገን?

ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን ትተን በስም ጠራን። ስማቸውን እያሳሳትን ስንጠራ ልጆቹ እየሳቁ አረሙን። ልጅቷንም የዲዚኛ ሰላምታ እንድታስተምረን ለመንናት። መጀመሪያ አንገቷን ደፋች፤ ኋላ ግን ብድግ ብላ ነገረችን፤ ክፍሉም ከእኛ ጋር አብሮ ደገመ። ከዚያ በኋላ ተናጋሪ ሆነች ብለን አንዋሽም፤ ልምምዳችን ሊያልቅ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር። ሁለቱን ሳምንት ያባከንናቸው እኛ ነን።

እንግዲህ ወደ ልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን፣ በመጀመሪያው ቀን ስም ጥሩ፤ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገርም ጠይቁ። መምህሮቻችንም ልምምዳችንን በምትገመግሙበት ቅጽ ላይ «ተማሪዎቹን በስማቸው ያውቃል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብትጨምሩልን እንላለን። እኛ በዚያ ጥያቄ ወድቀን ነበር።