ራዳር ውስጥ የነበረው ቫልቭ

አቧራ የጠጣ የድሮ ሬዲዮ ቫልቭ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ከዕጣንና ከቡና ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? እኔ ያወቅሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጋሼ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ አገር ቤት ሬዲዮ ሠሪ ነበሩ። እዚህ መጥተው ፓርኪንግ ቢሠሩም እጃቸው ብየዳውን አልተወም።

አምፕሊፋየሩን አብርተው «ቆይ፣ ይሙቅ» ይላሉ። ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ይደራል፣ የቫልቩ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ክር ቀስ እያለ ይቀላል። ከዚያ መርፌው ሸክላው ላይ ያርፍና ጥላሁን ገሠሠ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሁሉ የሚሰማችሁ ይመስላችኋል።

ቫልቮቹ ግን ለዘፈን የተሠሩ አልነበሩም። ካርቶናቸው ላይ «ጃን» የሚል ማኅተም አለ፤ የአሜሪካ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል የጋራ መለያ ነው። 6ኤስኤን7 የሚሉት ዓይነት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ውስጥ የሠራ ነው። ትራንዚስተር ሲመጣ ጦሩ መጋዘን ካከማቸው ብዙው ካርቶኑ ሳይከፈት ገበያ ወጣ። ጋሼ እያንዳንዱን በእርሳስ ጫፍ ኳ ያደርጉታል። ደካማው ስፒከሩ ውስጥ ጥንን ይላል። አውሮፕላን ላይ መንቀጥቀጡን እንዲችል የተሠራው ግን ዝም ነው። «ወታደር እንዲህ ነው» ይሉና ይስቃሉ። እኔም አስብ ነበር፦ ጥላሁንና ማሕሙድ አህመድ ከክብር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡ አይደሉ? ዘፈኑም ማሽኑም ያደጉት ካምፕ ውስጥ ነው።

ጋሼ የሚወዷት ወሬ ነበረቻቸው። በፈረንጆች 1976 ቪክቶር ቤሌንኮ የሚባል ሶቪየታዊ አብራሪ ሚግ-25 ይዞ ጃፓን፣ ሃኮዳቴ ላይ አረፈ። አሜሪካኖቹ አውሮፕላኑን ቢፈቱት ቫልቭ አገኙበት። ኋላ ቀር ብለው የሳቁ ነበሩ። «ይሳቁ!» ይላሉ ጋሼ፤ «ዛሬ የሶቪየት ጦር ቫልቭ ያለበትን አምፕሊፋየር የሚገዛው ሀብታም ነው።» እውነታቸውን ነው፤ 6ኤስ33ኤስ የሚባለው ወፍራሙ የሩሲያ ቫልቭ በጣም ውድ በሆኑ ማሽኖች ላይ ተደርድሮ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ የሬዲዮ አማተሮች ገበያ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ሽማግሌዎቹ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው፣ ቡናቸውን በቴርሞስ ይዘው ዕቃ ይሸጣሉ። የጋሼ እንግሊዝኛ ያን ያህል ነው፤ ከአንድ የቀድሞ ባሕረኛ ጋር ግን በቫልቭ ቁጥር ብቻ ግማሽ ቀን ያወራሉ። ሰውየው ሒሳብ ከተቀበለ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ቫልቭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ይከትላቸዋል፤ ምርቃት መሆኑ ነው።

አሁን ያ ሁሉ በኢንተርኔት፣ ጥንድ ጥንዱ እየተለካ ይሸጣል። ባለፈው ያንኑ የምርቃቱን ዓይነት ዋጋ አይቼ ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፦

«በዚህ ዋጋማ ራዳሩንም ይጨምሩልን!»